በመቀስ ስለ ተቈረጠ ቃል

ክፉን ቃል ከሰው ጆሮ መሰወር ሕዝብን መጠበቅ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን እንዲህ ያለው ጥበቃ ሕዝብን ጠላቱን ሳያውቅ ለጠላቱ አሳልፎ መስጠት ነው እንላለን። ለዚህም እንግሊዛዊውን የሲኒማ ሠሪ ኬቪን ብራውንሎውን እንጠቅሳለን።

ይህ ሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1956 ዓ.ም. የ18 ዓመት ወጣት ሳለ፥ በ2 ዓመት ከሚያንሰው ከአንድሪው ሞሎ ጋር ሆኖ፥ ጀርመኖች እንግሊዝን ወርረው ይዘዋት ቢሆን ኖሮ ምን ይደርስ እንደ ነበር በፊልም ለማሳየት ተነሣ። ባለጸጋ ረዳት ስላልነበራቸው ሥራው 8 ዓመት ፈጀ፤ ከተጫዋቾቹም አብዛኞቹ ቴያትር ሙያቸው ያልሆነ ሰዎች ነበሩ።

ፊልሙ በ1966 ዓ.ም. ለሕዝብ ሲቀርብ ግን አከፋፋዩ ዩናይትድ አርቲስትስ፥ እውነተኞቹ የእንግሊዝ ፋሺስቶች በገዛ አፋቸው በአይሁድ ላይ ያላቸውን ጥላቻ የሚገልጹበትን ክፍል ቈርጦ ጣለው። የአይሁድ ማኅበሮች በዚህ ክፍል ማዘናቸው የሚገባ ነበር፤ ቍስሉ አልደረቀምና፥ ለንግግሩም እዚያው መልስ የሚሰጥ የለምና። ነገር ግን መልሱ በታሪኩ ውስጥ አለ። ጸጥታን ፈልጋ ለገዢዎቹ ያደረችው አስታማሚ፥ ድውያኑን የባዕድ አገር ሠራተኞች ያዳነች መስሏት በመርፌ ስትገድል ትገኛለች። ቃሉ ዘር፥ መርፌው ፍሬ ነው። ዘሩን ሰውሮ ፍሬውን ብቻ ማሳየት፥ ተመልካቹ መከራው ከየት እንደ በቀለ እንዳያውቅ ማድረግ ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም።

ሁለቱ ባልንጀሮች በ1975 ዓ.ም. ደግሞ «ዊንስታንሊ» የተባለውን ፊልም አወጡ። ይህም በ1649 ዓ.ም. ምድር የሁሉ የጋራ ሀብት ናት ብሎ ከድኾች ጋር በሰሪ አውራጃ መሬት ቈፍሮ የዘራውን የጄራርድ ዊንስታንሊን ታሪክ የሚናገር ነው። ከዚያ ወዲህ ብራውንሎው እንዲህ ያለ ረዥም የልብ ወለድ ፊልም አላወጣም። አገሩ ለእንዲህ ያለ እጅ ሥራ ማጣቷ ያሳፍራል። እርሱ ግን የአቤል ጋንስን «ናፖሌዎን» የመሰሉ፥ የተቈራረጡና የተረሱ ድምፅ አልባ ፊልሞችን እየፈለገ ሲገጣጥም ኖረ፤ ስለዚህም ድካሙ በ2010 ዓ.ም. በአሜሪካ የክብር ኦስካር ተሸለመ።

ከእርሱ ፊልም የተቈረጠውም ክፍል ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ ስፍራው ተመልሷል፤ በመመለሱም ፊልሙ ይበልጥ ተረዳ እንጂ እንግሊዝ ፋሺስት አልሆነችም። እንግዲህ ክፉውን ቃል የምትፈሩ ሁሉ፥ መልስ አዘጋጁለት እንጂ መቀስ አታንሡበት።