ሐላል መሆኑ ብቻ ይበቃል? ማዕዳችንና የወጣቶች ልብ

በቅርቡ አርባ ዓመት ያልሞላው የአንድ ወንድማችንን ጀናዛ ሸኘን። «ልቡ ነው» ተባለ። አላህ ይዘንለት። አጀል ከተጻፈበት ሰዓት አያልፍም፤ ሰበብን መመርመር ግን የእኛ ኃላፊነት ነው። ከቀብር ስንመለስ ሁሉም ስለ ዕድሜው ማነስ ያወራ ነበር። ስለ አበላላችን ያነሳ ግን አልነበረም።

የልብና የደም ሥር ሕመም የሽማግሌ በሽታ ይመስለናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ በ2019 ብቻ 17.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚህ ሕመም ሞተዋል። ከአራት ሟቾች ከሦስት የሚበልጡት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ስብ በደም ሥር ግድግዳ ላይ መጠራቀም የሚጀምረው ደግሞ በወጣትነት፣ ምንም ምልክት ሳያሳይ ነው።

አሜሪካ ውስጥ «ካርዲያ» የተባለ ጥናት ይህንን ለረጅም ጊዜ ተከታትሏል። ሲጀመር ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 የነበሩ 4,946 ሰዎችን ለ32 ዓመታት የተከታተለው ውጤት እ.ኤ.አ በ2021 ታትሟል። አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ጥራጥሬና ያልተፈተገ እህል በብዛት የሚመገቡት በልብና በደም ሥር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በ52 በመቶ ያነሰ ነበር። ጥናቱ ግንኙነትን እንጂ ብቸኛ ምክንያትን አያሳይም፤ ሲጋራ፣ ደም ግፊት፣ ስኳርና ዘርም ድርሻ አላቸው። ሥጋን ፈጽሞ ተዉ የሚልም አይደለም። ስብ የበዛበት ቀይ ሥጋ፣ የተጠበሰ ድንች፣ ጣፋጭና ለስላሳ መጠጥ ግን በጎጂው በኩል ተቆጥረዋል።

ይህ ወደ ራሳችን ቤት ይመልሰናል። ብዙዎቻችን ዘንድ ሽሮና ምስር የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የጾም ምግብ፣ አለዚያም የችግር ምግብ ነው። እንግዳ የሚከበረው በሥጋ ነው። በረመዷን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጾመን በሚረጋ ዘይት በተጠበሰ ሳምቡሳና በለስላሳ እናፈጥራለን። ሳምቡሳው የምስር ቢሆንም ዘይቱን አንርሳ፤ ከፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ልብን የሚጎዳው የስብ ዓይነት ነው።

«ሐላል ነው» የሚለው መልስ የሚበቃን ይመስለናል። ሐላልነት የሚፈቀደውን ይነግረናል እንጂ እስራፍን አይፈቅድም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሆድን ለምግብ፣ ለውሃና ለትንፋሽ መከፋፈልን አስተምረውናል። ኡዱሒያም ቢሆን ሥጋን ከድሃ ጋር መካፈልን የሚያስተምር ሱና ነው።

ጉዳዩ ከአንድ ሰው ጤናም ያልፋል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ በ2013 ባወጣው ግምት፣ የሰው ልጅ ወደ አየር ከሚለቀው ሙቀት አማቂ ጋዝ 14.5 በመቶው ከእንስሳት እርባታ የሚመነጭ ነው። ባቄላና ሽምብራ ግን የተዘሩበትን መሬት በናይትሮጅን ያዳብራሉ። ባለ አደራ የተደረግንባት ምድር ናትና ይህም ይመለከተናል።

ይህን የምለው በቂ ለሚያገኘው የከተማ ቤተሰብ ነው። እንቁላልና ወተት ለማያገኝ ሕፃን «ቀንስ» አይባልም። መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ያለ ሐኪም ምክር አያቋርጥ።

በጎልማሳነት መለወጥም ዋጋ አለው። በዚያው ጥናት ከ25 እስከ 50 ባለው ዕድሜ አመጋገባቸውን ይበልጥ ያሻሻሉት፣ ይበልጥ ካበላሹት ጋር ሲነጻጸሩ በኋላ የመታመም ዕድላቸው በ61 በመቶ ቀንሷል። እንግዲህ የመስጂድ ኮሚቴዎች በጋራ ኢፍጣር ላይ፣ ቤተሰቦችም በኒካሕ ድግስ ላይ ምስሩን፣ ጎመኑንና ፍራፍሬውን ከፊት ቢያስቀምጡ ምን ይጎዳል? እንግዳን ማክበር ጤናውንም መጠበቅ ነው።

አላህ ዓፊያውን ይስጠን።