የትምህርት ቤቱ ስም ወይስ የልጁ ውሎ?



ክረምቱ ገብቶ የምዝገባ ወራት ሲደርስ በየቤቱ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ዘንድሮ ልጆቹን የት እናስገባቸው?» የሚል። የዚህ ወር ውይይታችንም በዚሁ ላይ ነው። የምንናገረው በተለይ ልጆቻቸውን በአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች ለማስተማር ስላሰቡ ወላጆች ነው።

በቅድሚያ የሁለት ቤተሰብ ታሪክ እናጫውታችሁ። ሁለቱም ወዳጆቻችን ናቸው፤ ስማቸው ግን አደራ ነውና አንጠቅሰውም።

የመጀመሪያው አባት ሴት ልጁ 9ኛ ክፍል ስትደርስ በውጤቱ ስሙ የገነነ ትምህርት ቤት አስገባት። ክፍያው የደመወዙን ግማሽ ቢወስድም «ለልጄ ያልሆነ ገንዘብ ለማን ሊሆን ነው?» ብሎ ቻለው። ልጅቱ ጠዋት ሒጃቧን አድርጋ ትወጣለች፤ ማታም አድርጋ ትመለሳለች። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አባት ሳይጠበቅ ወደ ትምህርት ቤቱ ጎራ ቢል፣ ልጁን በዕረፍት ሰዓት ጸጉሯን ገልጣ አገኛት። ሒጃቧ ተጣጥፎ ከቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ለካስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በር ላይ እንድታወልቅ ተነግሯት ኖሯል። ለምን እንዳልነገረችው ሲጠይቃት፣ «አባዬ፣ ለክፍያው እንዴት እንደምትለፋ እያየሁ እንዴት ብዬ ልንገርህ?» አለችው።

ሁለተኛዋ እናት ደግሞ ልጇን የላከችው የኢስላም ስም ከበሩ ላይ የተጻፈበት ትምህርት ቤት ነው። ልጁ አጫጭር ሱራዎችን በቃሉ ሲቀራላት በደስታ ታለቅስ ነበር። 7ኛ ክፍል ሲገባ አጎቱ ሊጠይቃቸው መጥቶ የእንግሊዝኛ መጽሐፉን ሰጠውና «እስኪ አንብብልኝ» አለው። ልጁ አንዷን አንቀጽ መጨረስ አቃተው። እናት ደንግጣ ደብተሮቹን ብታገላብጥ፣ የመምህር እርማት ካረፈባቸው ወራት አልፈዋል። «የራሳችን ሰዎች ናቸው ብዬ አመንኳቸው» ነው ያለችን።

ሁለቱ ወላጆች የሄዱበት መንገድ ለየቅል ይመስላል፤ ስህተታቸው ግን አንድ ነው። ሁለቱም የመረጡት ስም ነው። አንዱ በውጤት ስም፣ ሌላዋ በዲን ስም ተማምነው ልጃቸው ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሲሠራ እንደሚውል አልጠየቁም። በእነርሱ ብቻ አንፈርድም። ለመጀመሪያው አባት «እዚያ አስገባት፣ ውጤቱ ጥሩ ነው» ብለን የመከርነው እኛው ነን። እኛም አልጠየቅንም ነበር።

ለመሆኑ ዲንና ትምህርት አንዱን ካልጣሉ ሌላውን የማያነሷቸው ነገሮች ናቸውን? የታሪክ ዘጋቢዎች እንደሚያወሱት፣ በ2ኛው ዓመተ ሒጅራ ከበድር ዘመቻ በኋላ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ምርኮኞች የመዲና ልጆችን አስተምረው ነጻ እንዲወጡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፈቅደዋል። አስተማሪዎቹ በእምነት ተቃራኒዎች ነበሩ፤ ንባቡ ግን ተፈልጓል። የልጆቹ ተርቢያ ደግሞ በወላጆቻቸውና በመስጊዱ እጅ ነበር። ዕውቀትን ከሚያውቀው መማር ይቻላል፤ አስተዳደግን ግን በአደራ ለሌላ ማስረከብ አይቻልም።

የሀገራችን ሕግም የሚያመለክተን ወደዚሁ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ይደነግጋል። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ ባለቤት ሙስሊም ቢሆንም ባይሆንም፣ ቁርአኑንና አኽላቁን ልጆቻችን በዋነኛነት የሚያገኙት ከቤት፣ ከመድረሳና ከመስጊድ ነው። ከትምህርት ቤቱ የምንጠብቀው በሚገባ እንዲያስተምራቸው፣ ቤት የተማሩትን ደግሞ እንዳያፈርስባቸው ነው።

ይህን እንዴት እናውቃለን? በምዝገባ ቀን አይደለም። በዚያ ቀን ግቢው ሁሉ ተጠርጎ ነው የሚጠብቀን። ትምህርት በሚሰጥበት ቀን፣ በተለይም በዙህር ሰዓት ሄዳችሁ እዩ። ልጆች ዉዱእ የሚያደርጉበት ውኃ አለ? የሚሰግዱበት ንጹሕ ቦታስ? ሒጃብ ይፈቀዳል? የስፖርት ልብሱስ ለሴት ልጅ የሚሸፍን ሊሆን ይችላል? ትልልቅ ወንዶች ልጆች ለጁሙዓ ይወጣሉ? ረመዳን ላይ የሚጾም ልጅ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ምን ይደረጋል? ፈተና ከዒድ ቀን ጋር ቢገጥምስ? ምሳ የሚቀርብ ከሆነ ሥጋው የማን እርድ ነው? እነዚህን ጥያቄዎች በትሕትና፣ ግን ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ጠይቁ፤ መልሱንም ቢቻል በጽሑፍ ያዙ። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም የተነሳው የሴት ተማሪዎች የሒጃብ ጉዳይ እስከ ፍርድ ቤት መድረሱ የሚታወስ ነው። ልጅ በር ላይ ቆማ ከምትከራከር ወላጅ ቢሮ ገብቶ ቀድሞ ቢጠይቅ ይሻላል።

ቀናውን እንናገር ከተባለ፣ ባለቤቱ ሙስሊም ሳይሆን ለተማሪዎቹ ሶላት ክፍል የሚለቅ ትምህርት ቤት አይተናል። የሙስሊም ሆኖ ደግሞ መምህራኑን በወጉ የማይከፍል፣ በዚህም የተነሳ በየመንፈቁ አዲስ መምህር የሚገባበት አይተናል። ታፔላው አይሸውደን።

ስለ ትምህርቱም እንዲሁ በዓይን የሚታይ ነገር ጠይቁ። ዳይሬክተሩ የአንደኛውን ልጅ ደብተር ሊያሳያችሁ ይችላል፤ እናንተ ግን የመካከለኛውን ተማሪ ደብተር ለማየት ጠይቁ። እርማቱ ቀይ መስመር ብቻ ነው ወይስ ልጁ የተሳሳተውን እንዲያስተካክል ይመራዋል? በአንድ ክፍል ስንት ልጅ ይቀመጣል? ዋና ዋና ትምህርቶችን የሚያስተምሩት መምህራን ስንት ዓመት ቆይተዋል? በመንግሥት ኢንስፔክሽን ትምህርት ቤቶች ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደባሉ፤ የእነርሱ ስንት ነው?

ውጤትን በተመለከተ ደግሞ በማስታወቂያ ላይ በተለጠፉ ጥቂት ፎቶግራፎች አትርኩ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። እንዲህ ባለ ዘመን «ስንት አሳለፋችሁ?» ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «ከስንቱ? 9ኛ ክፍል ከገቡት ውስጥስ ስንቱ እናንተው ዘንድ ቆይተው ተፈተኑ?» በሉ። ደካማውን ቀድሞ እያሰናበተ ጎበዙን ብቻ የሚያስፈትን ትምህርት ቤት ውጤቱ ቢያምር ምን ይደንቃል?

ክፍያውንም በወር ብቻ አትቁጠሩት። መመዝገቢያው፣ መጽሐፉ፣ የደንብ ልብሱ፣ ሰርቪሱ ሲደመር ስንት ነው? ታናሽ ወንድሙም ሲደርስ ትችሉታላችሁ? ክፍያውን ለመሙላት አባት ሁለት ሥራ ይዞ ልጆቹን ተኝተው ብቻ የሚያያቸው ከሆነ፣ በውድ የገዛነው ትምህርት ከልጁ ላይ አባቱን ወሰደበት ማለት ነው። ርቀቱም እንዲሁ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ማታ 12 ሰዓት የሚመለስ ሕጻን፣ በምን አቅሙ መድረሳ ገብቶ ይቀራል?

በመጨረሻም ልጁን ራሱን ጠይቁ። ከሁሉ የሚያስፈራን ዝቅተኛ ውጤት አይደለም፤ እርሱ በጥረት ይስተካከላል። የሚያስፈራው ልጃችን ለቤት አንድ ፊት፣ ለትምህርት ቤት ሌላ ፊት ይዞ መኖር ሲለምድ ነው። የወዳጃችን ልጅ ዓመት ሙሉ ያን ሸክም ብቻዋን ተሸከመች፤ ምክንያቱም የሚጠይቃት አልነበረም።

አባትዮው በዓመቱ ከቤታቸው በእግር የሚደረስ፣ ስሙ ብዙም የማይነሳ ትምህርት ቤት አገኘ። በዚህ ጊዜ ብቻውን አልሄደም፤ ልጁንም ይዞ ገባ። ዳይሬክተሯ ቤተ ሙከራውንና ቤተ መጻሕፍቱን ካስጎበኟቸው በኋላ «ጥያቄ አላችሁ?» አሏቸው። አባት ያዘጋጀውን ወረቀት ከኪሱ ሲያወጣ ልጅቱ ቀደመችው፤ «ሶላት የት ነው የምሰግደው?» አለች። ዳይሬክተሯ ፈገግ ብለው ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ያለችውን ትንሽ ክፍል አሳዩአት። ሌሎቹን ጥያቄዎች አባት ጠየቀ፤ ደብተርም ገልጦ አየ።

የፈተና ውጤቷ ነገ ምን እንደሚሆን አላህ ያውቃል። ዛሬ ግን ሒጃቧ ቦርሳ ውስጥ አይውልም፤ ማታም ስለ ውሎዋ ለአባቷ የምትደብቀው ነገር የለም።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን የዓይናችን ማረፊያ ያድርግልን። አሚን። ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር እንገናኝ።

ወሰላሙ ዐለይኩም!