ግራጫዋ ጫጩት አስቀያሚ ናት?



በአውሮፓ የምትኖሩ አንባብያን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ መናፈሻ ስትወጡ፣ ብርቱካናማ ምንቃር ያላትን ነጭ ስዋን ኩሬ ላይ ታገኟታላችሁ። አገር ቤት ያለን ግን ከሥዕል መጽሐፍ ውጭ አናያትም። ብዙ ልጆች የሚያውቋትም በአንድ ተረት ነው፤ የዴንማርኩ ደራሲ ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመው፣ በዳክዬዎች መካከል ተፈልፍላ “አስቀያሚ” እየተባለች ስላደገችው ጫጩት።

ተረቱን አልጠላውም። ነገር ግን መጽሐፉን ከመክደናችሁ በፊት ልጃችሁን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፦ “የገዛ እናቷ ብታያት አስቀያሚ ትላት ነበር?” አትላትም። የስዋን ጫጩቶች አብዛኛውን ጊዜ ሲፈለፈሉ ግራጫ ናቸው፤ እኅት ወንድሞቿም እንደ እርሷ ናቸው። ግራጫነቷ ዕድሜዋ ነው እንጂ ጉድለት አይደለም። ከ4 እስከ 5 ወር ሲሆናት መብረር ትጀምራለች፤ ያን ጊዜም ላባዋ ገና አልነጣም። ፈጽማ እስክትነጣ ከዓመት በላይ ይፈጃል። ማንበብ ስለ ዘገየ እኩዮቹ የሚስቁበት ልጅ በቤታችሁ ካለ፣ ከተረቱ መጨረሻ ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል። የተረቷ ጫጩት ወገን ያገኘችው ካማረች በኋላ ነው፤ እውነተኛዋ ግን ገና ግራጫ ሳለች በወላጆቿ ጀርባ ላይ ተቀምጣ ትጓዛለች።

ከዚያ በፊት መጠበቅ አለ። እናትየው ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 እንቁላል ትጥልና ለ5 ሳምንት ያህል ትታቀፋለች። አባትየውም በአቅራቢያው ሆኖ ይጠብቃል፤ የሚጠጋውን ሁሉ ክንፉን ከፍ አድርጎ ያባርራል። “5 ሳምንት” ለአራት ዓመት ልጅ ምንም ማለት ስላልሆነ፣ 35 ፍሬ ባቄላ በሳህን አድርጉለትና በየማታው አንዷን ያንሣ። (በሦስተኛው ቀን “ዛሬ ሁለት ላንሣ” ማለቱ አይቀርም፤ አትፍቀዱለት!)

ምግቧ የውኃ ውስጥ ተክል ነው። ለዚህም ረጅሙ አንገቷ ይጠቅማታል፤ ጫጩቶቹ የማይደርሱበትን ነቅላ ወደ ላይ ታወጣላቸዋለች።

“ሁሉም አደጉ?” ብሎ ከጠየቃችሁ አትዋሹት። ሁሉም አያድጉም፤ አንዳንዱን ቀበሮ ይበላዋል። ልጁ ዝም ካለ እናንተም አብራችሁት ትንሽ ዝም በሉ። “እናቲቱስ?” ካለ ደግሞ፣ የቀሩትን ይዛ እንደምትዋኝ ንገሩት።