ነቀምቴ የምሳ ማረፊያ ብቻ ናት?

ወደ ምዕራብ የሚጓዝ አብዛኛው መንገደኛ ነቀምቴን የሚያውቃት በምሳዋ ነው። ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ይደርሳል፤ በልቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ ወደ ጊምቢ ወይም ወደ አሶሳ ያልፋል። የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት እዚያው ከተማ ውስጥ እያለ ሳያየው ማለፉ ያሳዝነኛል።

የሌቃ ነቀምቴው ገዢ ሞሮዳ በከሬ ያሠሩት፣ ልጃቸው ኩምሳ የወረሱት ግቢ ነው። ሞሮዳ ከምኒልክ ወገን ቆመው፣ ከ1874 ዓ.ም. የእምባቦ ጦርነት በኋላም እየገበሩ አገራቸውን ራሳቸው ማስተዳደር ቀጠሉ። ግብሩ በተለይ ወርቅ ነበር። ወርቁን ያጠበውና እርሻውን ያረሰው ሰው ግን በግቢው ውስጥ ምስሉ አይታይም፤ የእኔም ቅሬታ ከዚህ ይጀምራል።

ሠራተኛውን የማይረሳ ጉብኝት ግን ሌላ አገር አለ። በደርግ ዘመን በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች የተማሩባት ኩባ፣ በመካከለኛው ክፍሏ ትሪኒዳድ የምትባል የስፔን ቅኝ ግዛት ከተማ አለቻት። እ.ኤ.አ. በ1988 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ ለብቻዋ አልነበረም፤ በአቅራቢያዋ ያለው የሸንኮራ ሸለቆ አብሯት ተመዝግቧል። በሸለቆው ውስጥ ባሮች ሲሠሩ ከላይ ሆነው ይጠብቋቸው የነበረበት ማማ እስከ ዛሬ ቆሟል። እንግዳው የባለጸጎቹን መኖሪያ አይቶ ሲጨርስ ሀብቱ ከየት እንደመጣም ያያል። ማደሪያውንም ከነዋሪው ቤት ተከራይቶ ስለሚያድር ገንዘቡ እዚያው ሰፈር ይቀራል። እንደዚህ ያለ ጉብኝት ነው ለነቀምቴ የምመኘው።

ነቀምቴ ለዚህ የሚሆን ታሪክ ሞልቷታል። ኦነሲሞስ ነሲብ ኢሉባቦር ውስጥ ተወልዶ በልጅነቱ ለባርነት ተሸጠ፤ በምጽዋ እ.ኤ.አ. በ1870 ነፃ ወጣ። አስቴር ጋኖም ከባርነት የወጣች ናት። ሁለቱ አብረው ደክመው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሱ፤ ሙሉው እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። አስቴር የሰበሰበቻቸው ተረቶችና ዘፈኖች ባይኖሩ ብዙው ከአፍ ጠፍቶ ይቀር ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ነቀምቴ መጥተው አስተማሩ። ኦነሲሞስ ስብከት እስከ መከልከል የደረሰ ክስ ቢቀርብበትም ከተማዋን ሳይለቅ በ1923 ዓ.ም. እዚያው አረፈ። የተሸጠ ልጅ ለአንድ ሕዝብ የንባብ በር ከፈተ ማለት ነው። ለእኔ የነቀምቴ ትልቁ ታሪክ ይህ ነው፤ ከየትኛውም ዙፋን ይበልጥብኛል።

በአቅራቢያዋ ደግሞ ቦነያ አለ። በሰኔ 1928 ዓ.ም. የጥቁር አንበሳ አርበኞች እዚያ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች አቃጥለው ጄኔራል ማሊዮኮን ከነጓደኞቹ ገደሉ። ወደ ምዕራብ ሲዘልቁም የዩብዶ ፕላቲኒየም፣ የነጆ ወርቅ፣ የአሜሪካ ሚሲዮናውያን የሠሩባት ደምቢዶሎ አሉ። የወለጋ ቡና በጋምቤላ በኩል በባሮ ወንዝ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይወርድ ነበር። ከተሞቹ ተያይዘው የሚነበቡ ናቸው፤ አንዷን ብቻ ያየ ግማሹን አላየም።

ያለፉት ዓመታት ግጭት ወለጋን ክፉኛ ጎድቷል፤ ብዙ ሰው ሞቷል፣ ተፈናቅሏል። ሰላም ሳይሰፍን ስለ ጉብኝት ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን የአገሩን ታሪክ ለማወቅ የውጭ ቱሪስት መጠበቅ አያስፈልግም። በነቀምቴው ሰፈር በበከኒሳ ቀሴ የሚያድግ ተማሪ የኩምሳን ግቢና የወለጋን ሙዚየም በእግሩ ሄዶ ማየት ይችላል፤ የሚወስደው መምህር ነው የጎደለው።

ስለዚህ የነቀምቴ መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁን በዚህ ዓመት ይዛችሁ ሂዱ። አስጎብኚዎችም ስለ ሞሮዳና ስለ ኩምሳ ስትናገሩ ስለ አስቴርና ስለ ኦነሲሞስ፣ ወርቅ ስላጠበውም ገባር ንገሩ። አንተም መንገደኛ፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ምሳህን በልተህ አትለፍ፤ እደርና ከተማዋን እያት።