የቤሪ ከተማ ምርጫና የነጋዴው ድምፅ

ለነጋዴ ከሩቁ መንግሥት ይልቅ በደጁ ያለው ማዘጋጃ ቤት ይቀርበዋል። መንገዱን የሚያስጠርገው፣ የመጠጥ ቤቱን ፈቃድ የሚሰጠው፣ የምግቡን ንጽሕና የሚመረምረው፣ ሚዛኑንም የሚቆጣጠረው እርሱ ነውና። በእንግሊዝ አገር፣ ከማንቸስተር በስተ ሰሜን በምትገኘው በቤሪ፣ በፈረንጆች ሜይ ወር በመጀመሪያው ሐሙስ የሚደረገው የከተማ ምክር ቤት ምርጫ መመዘን የሚገባው በዚሁ ሚዛን ነው።

ቤሪ በ1972 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) በወጣው ሕግ ተቋቁመው ከ1974 ጀምሮ ሥራ ከያዙት 36 ታላላቅ የከተማ አስተዳደሮች አንዷ ናት። በ17 ቀበሌዎች ተከፍላ ከየቀበሌው ሦስት ሦስት፣ በጠቅላላው 51 አባላት ትመርጣለች። የአባልነቱ ዘመን አራት ዓመት ሲሆን በየዓመቱ ሢሶው ይመረጣል፤ አራተኛው ዓመት ዕረፍት ነው። ስለዚህ የምክር ቤቱ አሳብ በአንድ ቀን የሚገለበጥ ሳይሆን ቀስ በቀስ የሚለወጥ ነው።

ቀድሞ በከተማው የንግድ ቤት ያለው ሰው፣ መኖሪያው ሌላ ስፍራ ቢሆንም እንኳ፣ በንግድ ቤቱ ምክንያት ድምፅ ለመስጠት ይችል ነበር። የ1969 ሕግ ግን ከለንደን ሲቲ በቀር ይህን መብት አስቀረው። አንድ ሰው በሀብቱ ምክንያት ሁለት ድምፅ ሊኖረው ስለማይገባ ውሳኔው ትክክለኛ ነበር። ነገር ግን ድምፁ ሲቀር ግብሩ አልቀረም። በሌላ ከተማ የሚያድር ባለ ሱቅ ዛሬም የንግድ ቤቱን ግብር ይከፍላል፤ መራጭ ግን አይደለም።

«የግብሩ ልክ የሚወሰነው በለንደን ስለ ሆነ፣ ማንም ቢመረጥ ለነጋዴው ምን ይጠቅመዋል?» የሚሉ አይጠፉም። ይህ አነጋገር ግማሹን እውነት ብቻ የያዘ ነው። ልኩን መንግሥት ቢወስንም፣ የመኪና ማቆሚያውን ዋጋ፣ የሕንፃ ፈቃዱንና የገበያውን ነገር የሚወስነው የከተማው ምክር ቤት ነው። በ1444 በተሰጠ ፈቃድ የቆመው የቤሪ ገበያ ለዚህ ምስክር ነው። የገበያው አዳራሽ ጣሪያ የተሠራበት ቀላል ኮንክሪት አደገኛ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ በ1923 ሳይሆን በዘመናችን በ2023 አዳራሹ ተዘጋ። በውስጡ ይነግድ ለነበረ ሰው፣ የጥገናው ነገር ከማናቸውም የፖለቲካ ንግግር የሚበልጥ ጉዳይ ነው።

የ1992 ሕግ ምክር ቤቱ ስለ ዓመቱ ወጪ የንግድ ቤት ግብር ከፋዮችን ወኪሎች እንዲያማክር ያስገድዳል። ነገር ግን ተጠሪ ልኮ የማይናገር ነጋዴ ቢማከርም እንዳልተማከረ ይቈጠራል። ስለዚህ የቤሪ ነጋዴዎች በማኅበራቸው አማካይነት ለየዕጩው ስለ ገበያው፣ ስለ መኪና ማቆሚያውና ስለ መንገዱ ጥያቄ በጽሑፍ ማቅረብ፣ መልሱንም በጽሑፍ መቀበል ይገባቸዋል። ከምርጫ በኋላ ከማማረር ከምርጫ በፊት መጠየቅ ይሻላል፤ «ነገር ሳይርቅ በቅርቡ፣ እህል ሳይደርቅ በእርጥቡ» እንዲሉ።

በዚያው የሚኖሩትም ድምፃቸውን እንደ ቀላል ነገር ሊያዩት አይገባም። በ2019 በሰሜን ቤሪ የተደረገው የፓርላማ ምርጫ የተለየው በ105 ድምፅ ብቻ ነበር። መራጩ አስቀድሞ ሊመዘገብ፣ ከ2023 ወዲህም በምርጫ ጣቢያ ፎቶግራፍ ያለበት የመታወቂያ ወረቀት ሊያሳይ ግዴታ አለበት። ኢትዮጵያ ከኮመንዌልዝ አገሮች አንዷ ስላልሆነች፣ በዚያ ሱቅ የከፈተ ኢትዮጵያዊ የብሪታንያን ዜግነት ካላገኘ በቀር አይመርጥም፤ በነጋዴ ማኅበር ገብቶ አሳቡን ከመግለጽ ግን የሚከለክለው የለም።

ግብር የሚከፍል ሰው ሁሉ ድምፅ ባይኖረውም አንደበት አለው። የማይናገርበት ከሆነ ግን፣ ስለ ሱቁ ሌላው ይወስንለታል።