«ምጡን እርሺው፣ ልጁን አንሺው» እስከ መቼ?

አንዲት ሴት በሰላም ስትገላገል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል። ገንፎው ይገነፋል፣ ቡናው ይፈላል፣ ዘመድ ይሰበሰባል። ስለ ምጡ፣ ስለ ማዋለጃ ክፍሉ፣ ስለተሰደበችው ስድብና ሳትጠየቅ ስለተቀደደችው ልታወራ ስትሞክር ግን የሚጠብቃት መልስ አንድ ነው፦ «ምጡን እርሺው፣ ልጁን አንሺው»።

አባባሉ ለማጽናናት የተባለ ነው። ዛሬ ግን አፍ መዝጊያ ሆኗል። ከስሩ የተሸፈነው ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም። በአንዲት ሴት አካል ላይ ስለሚደረገው ነገር ከራሷ በቀር ሁሉም የሚወስንበት አሠራር ነው።

በቅድሚያ ሐቁ ይነገር። ሀገሪቱ በእናቶች ጤና የሠራችውን መካድ ነውር ነው። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 በጤና ተቋም ይወልዱ የነበሩት እናቶች 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ቁጥሩ 26 በመቶ፣ በ2019 ደግሞ 48 በመቶ ደረሰ። ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር በ2000 871 የነበረው የእናቶች ሞት በ2016 ወደ 412 ወርዷል። ከዚህ ጀርባ ቤት ለቤት የዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ሌሊቱን ቆመው የሚያነጉ አዋላጆች ድካም አለ።

ነገር ግን «በጤና ተቋም ወለደች» የሚለው ቁጥር እንዴት እንደወለደች አይናገርም። እስከ በሩ ያደረሷት እናቷ ወይም ባሏ ውጭ ይቀራሉ። ተንቀሳቀሽም፣ ተቀመጭም ሳትባል በጀርባዋ ትተኛለች። ስሙን ያልነገራት ሰው ይፈትሻታል፤ ከኋላው የቆሙት ተማሪዎችም በተራ ይፈትሿታል። በግሉኮሱ ውስጥ መድኃኒት ይጨመራል፣ ምንነቱ አይነገራትም። ስትጮህ «ያኔ ያልጮህሽ አሁን ምን ያስጮህሻል?» ትባላለች። መቀደዷን የምታውቀው ስትሰፋ ነው። ሁሉም ጤና ጣቢያ እንዲህ ነው ማለት አይደለም፤ እጅ ይዘው፣ አይዞሽ ብለው የሚያዋልዱ ብዙ ናቸው። ችግሩ ግን ይህ በባለሙያው ደግነት ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ነው። መብት በዕድል አይታደልም።

ይህ የጥቂት ሴቶች ምሬት ነው የሚል ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በላንሴት መጽሔት የታተመውን ጥናት ይመልከት። ተመራማሪዎች በጋና፣ በጊኒ፣ በናይጄሪያና በማይናማር 2,016 ወላጆችን በማዋለጃ ክፍል ተገኝተው ተከታትለዋል። ከአስሩ አራቱ ተመትተዋል፣ ተሰድበዋል ወይም ተገልለዋል። ከተቀደዱት 253 ሴቶች 190ዎቹ ፈቃዳቸው አልተጠየቀም። ኢትዮጵያ ከአራቱ አገሮች አንዷ አይደለችም። ሆኖም ታሪኩ እዚህ አገር ማዋለጃ ክፍል ገብታ ለወጣች ሴት እንግዳ አይሆንባትም።

ታዲያ የሚጠየቀው ምንድን ነው? ወላጇ ሐኪም ትሁን ያለ የለም። የሚጠየቀው ባለሙያው ያየውን እንዲነግራት፣ ያሉትን አማራጮች እንዲያስረዳት፣ የየአማራጩን ጥቅምና ጉዳት እንዲገልጽላት፣ ብንጠብቅስ ምን ይመጣል የሚለውን እንዲመልስላት፣ በመጨረሻም «አንቺ ምን ትያለሽ?» እንዲላት ነው። እሱ ሙያውን ያመጣል። እሷ ደግሞ አካሏን፣ ያለፈ ወሊዷን፣ ፍርሃቷንና ኑሮዋን ታመጣለች። ውሳኔው ከሁለቱ ይወለዳል።

ይህ የቅንጦት ምኞት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣቸው 56 ምክረ ሐሳቦች ውስጥ ወላጅ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን፣ የሚመቻትን አቀማመጥ እንድትመርጥ፣ መቅደድ እንደ ልማድ ለሁሉም እንዳይደረግ፣ ልጁ ይውጣ ተብሎም ሆዷ እንዳይገፋ ተቀምጧል። ድርጅቱ በ2020 ያወጣው አዲሱ የምጥ ክትትል ቅጽ አጋዥ ሰው መኖሩን፣ መጠጣቷንና አቀማመጧን ያስመዘግባል፤ ከወላጇ ጋር ተመክሮ የተደረሰበት ውሳኔ የሚሰፍርበት ቦታም አለው።

«ጊዜ የለም» ይባላል። እውነት ነው፣ አንዲት አዋላጅ በአንድ ሌሊት ብዙ ምጥ የምትይዝበት ቦታ አለ። ነገር ግን «ልፈትሽሽ ነው፣ ትፈቅጃለሽ?» የሚለው ጥያቄ ከስድቡ ያጥራል። ደግሞም ጀርባዋን የሚያሽላት፣ ውኃ የሚያቀብላት፣ ሲከፋት የሚጠራ ሰው በር ላይ ተከልክሎ ቆሞ ሳለ ስለ እጅ ማነስ ማውራት ያስተዛዝባል። ወላጅ ያለማቋረጥ የሚደግፋት ሰው ሲኖራት ምጧ እንደሚያጥርና በቀዶ ጥገና የመውለድ ዕድሏ እንደሚቀንስ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። የባለሙያ እጥረት ካለ ጥያቄው በጀት ለሚመድበው ይቅረብ፤ ዕዳውን የምታምጠው ሴት አትክፈል።

«ድንገተኛ ሲሆንስ?» ይባላል። ደም ሲፈስ፣ የልጁ የልብ ምት ሲወርድ ረጅም ውይይት አይኖርም። ግን ያኔም «ልጅሽ ታፍኗል፣ አሁኑኑ ቀዶ ጥገና ያስፈልግሻል» ለማለት ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ቀሪው በእርግዝና ክትትል ጊዜ አስቀድሞ ሊነገራት የሚገባ ነው። ደግሞስ አብዛኛው ወሊድ ድንገተኛ አይደለም። ለጥቂቱ የተፈቀደ ጥድፊያ ለሁሉም ሕግ መሆን የለበትም።

«አልተማረችም፣ አይገባትም» የሚለው ግን ከሁሉም የከፋ ነው። የቤቷን ኑሮ ከዓመት ዓመት አብቃቅታ የምታደርስ ሴት በቋንቋዋ ከተነገራት ይገባታል። ካልገባት ያቃተው ነጋሪው ነው። ትምህርት ብቻውን እንደማያድን ደግሞ የስኮትላንዷ የናዲን ሞንትጎመሪ ጉዳይ ይመሰክራል። በሳይንስ የተማረች፣ ቁመቷ አጭር፣ የስኳር ሕመምተኛ ነበረች። የልጇ ትከሻ በወሊድ ጊዜ ሊያዝ የሚችልበት ዕድል ከ9 እስከ 10 በመቶ መሆኑን ሐኪሟ እያወቀች አልነገረቻትም፤ ከተነገራቸው ሴቶች ቀዶ ጥገና ይመርጣሉ ብላ። ልጁ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲወለድ ትከሻው ተይዞ ለዕድሜ ልክ ጉዳት ተዳረገ። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 ለእናቲቱ ፈረደ። ሐኪም ታካሚው ሊያውቀው የሚፈልገውን አደጋ «ባውቀው ሌላ ይመርጣል» ብሎ መደበቅ አይችልም ማለት ነው።

እዚህ ደግሞ ሌላ ልማድ አለ። ወላጇ ውስጥ አእምሮዋን ሳትስት ተኝታ፣ የቀዶ ጥገናው ፈቃድ ወረቀት ውጭ ለቆመው ባል ይወጣል። የሚቀደደው የማን ሆድ ነው? የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006 ፈቃድ የሚጠይቀው ከታካሚው ነው። ባል ይማከር፣ ቤተሰብ ይስማ፤ ፊርማው ግን የእሷ ነው።

የመምረጥ ነገር በሁለት በኩል ነው የተበላሸው። በ2016ቱ ጥናት በቀዶ ጥገና የወለዱት በሀገር ደረጃ 2 በመቶ፣ በአዲስ አበባ ግን 21 በመቶ ነበሩ። ገጠር ያለችው ቢያስፈልጋትም አታገኘውም። ከተማ ያለችው ታገኘዋለች፣ ለምን እንደተወሰነላት ግን የሚያስረዳት ላይኖር ይችላል። አንዷን ርቀት፣ ሌላዋን ዝምታ ከውሳኔው አውጥቷታል።

ይህ የክብር ጉዳይ ብቻ ቢሆን እንኳ በበቃ ነበር። ግን የሕይወት ጉዳይም ነው። በማዋለጃ ክፍል የተዋረደች ሴት ሁለተኛ ልጇን ቤቷ ትወልዳለች። ለጎረቤቷ ትነግራለች፣ ጎረቤቷም ትቀራለች። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በሰዓታት ውስጥ ይገድላል፤ አምቡላንሱ እስኪመጣ አይጠብቅም። ስለዚህ ያቺ ማመናጨቅ ነገ ቤት ውስጥ የምትሞት እናት ናት።

ጤና ሚኒስቴር «አዛኝ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ» የሚለውን መርህ በዕቅዱ ካስገባ ዓመታት ተቆጥረዋል። መፈክር ግድግዳ ያሳምራል እንጂ ወላጅ አያዋልድም። የሚጠበቀው ግልጽ ነው፦ ወላጇ የመረጠችው አንድ ሰው ይግባ። ከየፍተሻውና ከየመርፌው በፊት ይነገራት፣ ትጠየቅ። ፊርማው የእሷ ይሁን። ተቋማት በተወለደው ቁጥር ብቻ ሳይሆን «ተነግሮሻል? ተጠይቀሻል?» በሚለው መልስም ይመዘኑ። አዋላጆችም ሰው የሚያደርጋቸው የሥራ ጫናና ደመወዝ ይኑራቸው፤ ያልተከበረ ሰው ማክበር ይከብደዋልና።

ልጁማ ይነሣል፣ እናቱ ናት የምታነሣው። ምጡን እንድትረሳ የሚጠይቃት ሁሉ ግን በመጀመሪያ በምጡ ውስጥ ሰው ሆና ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃት።