ሱሪዋን ተዉትና ሥዕሏን እዩ

ስለ ፈረንሳዊቷ የእንስሳት ሠዓሊ ስለ ሮዛ ቦነር (1822–1899፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተጻፈ ባነበብኩ ቁጥር የሚያበግነኝ ነገር አለ። ጸሐፊው ሁለት አንቀጽ ሳይሄድ ሱሪዋ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ወደ ሥዕሉ የሚመለሰው ጥቂቱ ነው።

ሱሪ ለብሳለች፤ ማን ካደ? በዚያን ጊዜ ፓሪስ ሴት ሱሪ ለመልበስ የፖሊስ ፈቃድ ያሻት ነበር። በ1857 የተሰጣት ወረቀት ለስድስት ወር የሚያገለግል ሆኖ ምክንያቱን «ጤና» ይለዋል፤ በዚያ ልብስ ቴአትርና ዳንስ ቤት እንዳትታይም ያግዳል። ያስቃል። ግን ለምን ለበሰችው? ቄራ ገብታ የከብቱን ጅማትና አጥንት ለማጥናት፣ በፈረስ ነጋዴዎች መሀል ሳትረበሽ ቆማ ለመንደፍ ነው። የሥራ ልብስ ነው ወገኖቼ! የአናጢውን ሽርጥ እያደነቀ ወንበሩን የማያይ ሰው ምን ይባላል?

ወሬ ከተፈለገስ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ይወራ። የፓሪሱ ከፍተኛ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለሴቶች በሩን የከፈተው በ1897 ነው፤ ሮዛ ያኔ 75 ዓመቷ ነበር። ሙያውን ያስተማራት ሠዓሊ አባቷ ነው። እቴጌ ኢዥኒ ግን በ1865 ቤቷ ድረስ ሄደው የሌዥዮን ዶነር ኒሻን ሰጥተዋታል። ከሴት ሠዓሊዎች የመጀመሪያዋ ናት።

«ከብት መገልበጥ ጥበብ አይደለም» የሚሉም አሉ። እነዚህ በ1853 ለሕዝብ የታየውን፣ ዛሬ በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ያለውን «የፈረስ ገበያ» ፊት ለፊት ቆመው ይዩት። ወርዱ አምስት ሜትር ያልፋል። ለዓመት ከመንፈቅ በሳምንት ሁለት ቀን ገበያው እየተመላለሰች ነድፋለች። ፈረሶቹ ይዘላሉ፣ ይራገጣሉ፤ ሰዎቹ ልጓም ይዘው ይታገላሉ፤ ማን ማንን እንደሚነዳ ያጠራጥራል።

እኔ ግን የ1849ኙን «የኒቬርኔ እርሻ» አስበልጣለሁ። መንግሥት አዝዟት የሠራችው ነው፤ አሁን ፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም ይገኛል። አሥራ ሁለት በሬዎች በሁለት ጥማድ ተከፍለው ዳገቱን ይገፋሉ። እንደኛ በሬ ሻኛ የላቸውም እንጂ፣ ሞፈር ጨብጦ ያደገ ሰው ክብደቱን በጫንቃው ያውቀዋል። የተገለበጠው አፈር ገና እርጥብ ነው። የአራሾቹ ፊት በባርኔጣቸው ጥላ ተሸፍኗል። ፊት የተሰጣቸው በሬዎቹ ናቸው፤ አንደኛው ከሥራው ሳይቆም ዞር ብሎ ያየናል።